የተዘጋ በር፣ የዘገየ ሕግ

በ20ኛው ክፍለ ዘመን መባቻ በብዙ የአሜሪካ ከተሞች አንድ ነጋዴ ጠረጴዛው ላይ ሁለት ስልክ ያኖር ነበር። ተፎካካሪ ኩባንያዎች መስመራቸውን ስለማያገናኙ የአንዱ ደንበኛ ለሌላው ደንበኛ መደወል አይችልም። እ.ኤ.አ. በ1913 ኤቲ ኤንድ ቲ በፀረ ሞኖፖሊ ክስ ግፊት የረጅም ርቀት መስመሩን ለሌሎች ኩባንያዎች ለመክፈት ተስማማ።

ከ86 ዓመት በኋላ ያው ጥያቄ በኢንተርኔት ላይ ተነሣ። በ1999 ማይክሮሶፍት የራሱን የፈጣን መልእክት አገልግሎት ሲጀምር ተጠቃሚዎቹ ከኤኦኤል ደንበኞች ጋር እንዲጻጻፉ አደረገ። ኤኦኤል ዘጋ፤ ማይክሮሶፍት መልሶ ከፈተ፤ ግብግቡ ለወራት ከቀጠለ በኋላ ማይክሮሶፍት ተወው። ያን ጊዜ ማይክሮሶፍት ራሱ በሞኖፖሊ ተከስሶ ፍርድ ቤት ይመላለስ ነበር። የክፍትነት ጠበቃ ያደረገው መርሕ ሳይሆን፣ በዚህ ገበያ ደካማው ወገን መሆኑ ነው።

በጃንዋሪ 2001 የፌዴራል ኮሙኒኬሽን ኮሚሽን የኤኦኤልንና የታይም ዋርነርን ውህደት ሲያጸድቅ ቅድመ ሁኔታ አኖረ፤ ኤኦኤል ከሌሎች ጋር ሳይገናኝ በታይም ዋርነር ፈጣን መስመር የቪዲዮ መልእክት ማቅረብ አይችልም። ሚሊዮኖች በየዕለቱ የሚለዋወጡት የጽሑፍ መልእክት ግን እንደተቆለፈ ቀረ። ኮሚሽኑ ገና ያልተወለደውን ገበያ ጠበቀ፤ በዐይኑ ፊት ያለውን ተወ። ቅድመ ሁኔታው በ2003 ተነሣ፤ የኤኦኤል መልእክት አገልግሎትም በ2017 ተዘጋ።

ጉግልም በ2006 ለገበያው እንግዳ ሳለ የውይይት አገልግሎቱን በክፍት የጋራ ደንብ ከሌሎች አገልጋዮች ጋር አገናኘ። በ2013 ሃንግአውትስን ሲያመጣ ግን ይህን ግንኙነት ከአዲሱ አገልግሎት ውጭ አደረገው። በፈቃድ የተከፈተ በር በፈቃድ ይዘጋል።

የአውሮፓ ኅብረት በ2022 ያወጣው የዲጂታል ገበያዎች ሕግ ከዚህ ታሪክ የተማረ ይመስላል፤ ዋትስአፕን የመሰሉ ግዙፍ አገልግሎቶች ነባሩን የጽሑፍ መልእክት ጭምር እንዲከፍቱ ያስገድዳል። ሆኖም ግዴታው የሚነሣው ሌላው አገልግሎት ሲጠይቅ ብቻ ነው፤ የሚጸናውም በኅብረቱ ክልል ነው። ፍራንክፈርት ያለችው ልጅ ዋትስአፕን፣ አዲስ አበባ ያሉት እናቷ ቴሌግራምን ቢመርጡ፣ ሕጉ ብቻውን አያገናኛቸውም። የዛሬው ሰው ሁለቱን ስልክ ከጠረጴዛው አንሥቶ በኪሱ ይዟቸዋል።