የዲኤንኤ ሜቲሌሽንና የጂን አገላለጽ ጥናቶች፦ የትንተና ዘዴ አመራረጥ

የዲኤንኤ ሜቲሌሽን ሜቲል የተባለ አነስተኛ የኬሚካል ቡድን በዲኤንኤ ላይ የሚጣበቅበት ሂደት ነው። በሰው ልጅ ላይ ይህ በአብዛኛው የሚከሰተው ሳይቶሲንና ጓኒን ተከታትለው በሚገኙባቸው ቦታዎች ነው። ሂደቱ የጂኑን ቅደም ተከተል ሳይለውጥ በጂኑ ሥራ ላይ ተጽዕኖ ሊያሳድር ይችላል። የጂን አገላለጽ ደግሞ በጂን ውስጥ ያለው መረጃ ወደ አርኤንኤ ተገልብጦ ለሕዋሱ አገልግሎት የሚውልበት ሂደት ነው።

ይህ ጽሑፍ ተመራማሪዎችን፣ የድኅረ ምረቃ ተማሪዎችንና የጥናት ንድፍ ገምጋሚዎችን ለማገዝ የተዘጋጀ ነው። መሠረታዊ መልእክቱም የትንተና ዘዴ መመረጥ ያለበት ናሙና ከመሰብሰቡ በፊት መሆኑ ነው። በንድፍ ላይ የተፈጠረ ጉድለት በኋላ በሚደረግ ስሌት አብዛኛውን ጊዜ አይታረምም፤ ከታካሚዎች የተወሰደው ናሙናና የወጣው ገንዘብም ይባክናል።

1. የሜቲሌሽን መለኪያ ዘዴ

የሰው ልጅ ዲኤንኤ ሜቲሌሽን ሊካሄድባቸው የሚችሉ 28 ሚሊዮን ያህል ቦታዎች አሉት። የጥናቱ ጥያቄ በአንድ ወይም በጥቂት ጂኖች ላይ የተወሰነ ከሆነ ፓይሮሲኩዌንሲንግ በቂ ነው። በርካታ ሰዎችን ለማነጻጸር ማይክሮአሬይ ተመራጭ ነው፤ በስፋት ሲሠራበት የቆየው ዓይነት ከ850,000 በላይ ቦታዎችን ይለካል። ሁሉንም ቦታዎች ማየት ካስፈለገ ሙሉ የባይሰልፋይት ንባብ ይመረጣል፤ ሆኖም ወጪው ከፍተኛ በመሆኑ የናሙናውን ቁጥር እንዳያሳንሰው ሊታሰብበት ይገባል።

የማይክሮአሬይ ውጤት በሁለት መልኩ ይገለጻል። የቤታ እሴት ከ0 እስከ 1 ያለ ሲሆን የሜቲሌሽኑን ድርሻ ያሳያል፤ ስለዚህ ለአንባቢ ግልጽ ነው። የኤም እሴት ግን በሎጋሪዝም የተለወጠ በመሆኑ ለስታቲስቲክስ ፍተሻ ይበልጥ ይስማማል። በመሆኑም ፍተሻውን በኤም እሴት ማካሄድ፣ የልዩነቱን መጠን ደግሞ በቤታ እሴት መግለጽ የተለመደ አሠራር ነው።

2. የጂን አገላለጽ ትንተና

የአርኤንኤ ንባብ ውጤት ቆጠራ ነው። ዲኢሴክ2 እና ኤጅአር የተባሉት የትንተና ፕሮግራሞች የቆጠራን ባሕርይ በሚከተል ኔጌቲቭ ባይኖሚያል ሞዴል ላይ የተመሠረቱ ናቸው። ስለሆነም ሊገባባቸው የሚገባው ጥሬ ቆጠራ እንጂ አስቀድሞ በጂን ርዝመት የተስተካከለ እሴት አይደለም። ሊማ የተባለው ፕሮግራም ለማይክሮአሬይ የተሠራ ቢሆንም ቩም በተባለው ስልት አማካይነት ለቆጠራም ያገለግላል።

አርኤንኤ ከዲኤንኤ ይልቅ በፍጥነት ይበላሻል። ናሙናው ወዲያውኑ በማቆያ ፈሳሽ ካልተያዘ ወይም በጥልቅ ቅዝቃዜ ካልተቀመጠ የትኛውም የትንተና ዘዴ አያድነውም።

3. ውጤትን የሚያዛቡ ምክንያቶች

ሀ) የሕዋሳት ስብጥር፦ ደም የተለያዩ ነጭ የደም ሕዋሳት ድብልቅ ሲሆን እያንዳንዱ ዓይነት የራሱ ሜቲሌሽን አለው። ኢንፌክሽን ይህን ስብጥር ስለሚለውጥ ታማሚንና ጤነኛን ስናነጻጽር የምናየው ልዩነት የሕዋሳት ብዛት ልዩነት ብቻ ሊሆን ይችላል። የየሕዋሱ ድርሻ ተገምቶ በሞዴሉ ውስጥ መካተት አለበት።

ለ) የሥራ ዙር ልዩነት፦ የታማሚዎች ናሙና በአንድ ቀን፣ የጤነኞች በሌላ ቀን ከተሠራ የበሽታውን ውጤት ከቀኑ ውጤት መለየት አይቻልም። ናሙናዎች በየዙሩ ተደባልቀው በዕጣ መደልደል አለባቸው።

ሐ) ዕድሜ፣ ጾታና ማጨስ፦ ሦስቱም በሜቲሌሽን ላይ ግልጽ አሻራ ስላላቸው መመዝገብ ይኖርባቸዋል።

መ) የፍተሻ ብዛት፦ ምንም እውነተኛ ልዩነት ባይኖር እንኳ 850,000 ቦታዎች በ0.05 መስፈርት ሲፈተኑ 42,500 ያህሉ በአጋጣሚ ልዩነት ያላቸው መስለው ይታያሉ። በ1995 የቀረበው የቤንጃሚኒና ሆችበርግ የሐሰት ግኝት ምጣኔ ማስተካከያ ለዚህ በስፋት ያገለግላል።

4. ሁለቱን መረጃዎች ማጣመር

በጂን መነሻ አካባቢ ያለ ከፍተኛ ሜቲሌሽን ብዙውን ጊዜ ከጂኑ ዝምታ ጋር ይያያዛል። በጂኑ አካል ውስጥ ያለው ግን ከከፍተኛ አገላለጽ ጋር አብሮ ሊገኝ ይችላል። ስለዚህ «ሜቲሌሽን ጨመረ፣ ጂኑ ቆመ» የሚል ድምዳሜ ያለ ቀጥተኛ ልኬት መሰጠት የለበትም። ሁለቱ ልኬቶች ከአንድ ሰው፣ በአንድ ጊዜ ከተወሰደ ናሙና ቢገኙ ይመረጣል። ዝምድና መታየቱም ብቻውን መንሥኤነትን አያረጋግጥም።

5. በኢትዮጵያ ለሚካሄዱ ጥናቶች

በከፍተኛና በዝቅተኛ ቦታዎች በሚኖሩ የአማራና የኦሮሞ ማኅበረሰቦች ላይ ተካሂዶ በ2012 (እ.ኤ.አ.) የታተመ የዘረመል ጥናት አነስተኛ የሜቲሌሽን ሙከራ አካትቶ ነበር። በእንዲህ ዓይነት ጥናቶች ልዩ ጥንቃቄ የሚሻ አንድ ጉዳይ አለ። የአፍሪካ ሕዝቦች የዘረመል ብዝኃነት ከሌሎች አህጉራት ይልቃል። ማይክሮአሬዩ በሚለካው ቦታ ላይ የተወረሰ የፊደል ልዩነት ካለ መሣሪያው ልዩነቱን እንደ ሜቲሌሽን ለውጥ ሊያነበው ይችላል። ከአውሮፓውያን መረጃ ብቻ የተዘጋጀ የማጣሪያ ዝርዝር በቂ ስለማይሆን የተሳታፊዎችን የዘረመል መረጃ አብሮ መለካት ወይም አፍሪካዊ መረጃን ያካተተ ማጣሪያ መጠቀም ይመከራል።

በአጠቃላይ የጥናት ንድፍ ለግምገማ ሲቀርብ ጥያቄውን፣ የናሙናውን ዓይነትና ብዛት፣ የመለኪያ ዘዴውን፣ የሚስተካከሉ አዛቢ ምክንያቶችንና የስታቲስቲክስ መስፈርቱን አስቀድሞ በጽሑፍ ማስፈር ይኖርበታል። ይህም ውጤቱ በሌላ ቦታ ተደግሞ እንዲረጋገጥ መንገድ ይከፍታል።