ወደ ሬሆቮት የተጓዙት ጀርመኖች፣ 1959

በዲሴምበር 1959 ከምዕራብ ጀርመን የተነሡ አራት ሰዎች እስራኤል ገቡ (ዘመናቱ ሁሉ በጎርጎርዮሳውያን አቆጣጠር ናቸው)። መሪያቸው የኖቤል ተሸላሚው ኬሚስት፣ የማክስ ፕላንክ ማኅበር ፕሬዚዳንት ኦቶ ሃን ነበር። አብረውት የፊዚክስ ሊቁ ቮልፍጋንግ ጌንትነር፣ የባዮኬሚስትሪ ሊቁ ፌዮዶር ሊነን፣ እንዲሁም የሥነ ጥበብ ታሪክ ተመራማሪ የነበረው የሃን ልጅ ሃኖ ሄዱ። የጋበዛቸው በሬሆቮት የሚገኘው የዋይዝማን የሳይንስ ተቋም ነው።

በዚያ ጊዜ ሁለቱ መንግሥታት አንዳቸው በሌላው ዘንድ አምባሳደር አልነበራቸውም። በጃንዋሪ 1952 የእስራኤል ምክር ቤት ከጀርመን ካሳ ስለ መቀበል ሲወያይ፣ በተቃዋሚው ፖለቲከኛ በመናኸም ቤጊን የተመራ ሰልፍ ምክር ቤቱን በድንጋይ ደብድቦ ነበር። ያ ቁጣ ከስምንት ዓመት ገደማ በኋላም አልበረደም፤ በተቋሙ ውስጥ ራሱ የጀርመኖቹን መምጣት የተቃወሙ ነበሩ።

ይህ ጉብኝት ሲነሣ «ሳይንስ ድንበር የለውም» የሚለው አባባል ይደጋገማል። መዝገቡ ግን ለዚህ አይመሰክርም። በአፕሪል 1933 የናዚ መንግሥት አይሁዳውያንን ከመንግሥት ሥራ የሚያባርር ሕግ ባወጣ ጊዜ፣ የማክስ ፕላንክ ማኅበር የቀድሞ መልክ የነበረው የካይዘር ቪልሄልም ማኅበር አይሁዳውያን ተመራማሪዎቹን ከቤተ ሙከራ አስወጥቷል። በበርሊን የማኅበሩን የፊዚካል ኬሚስትሪ ተቋም ይመራ የነበረው ፍሪትስ ሃበር፣ የሥራ ባልደረቦቹን አላባርርም ብሎ ሥራውን ለቀቀ። ይህ ሰው በአንደኛው የዓለም ጦርነት የመርዝ ጋዝን ለጀርመን ጦር ያዘጋጀ ነው፤ አገሩ ግን ያንን አገልግሎቱን አልቆጠረችለትም። የኬሚስትሪ ሊቁ ኻይም ዋይዝማን ሬሆቮት ላይ ሊከፍተው ወደነበረው፣ ኋላም በስሙ ወደተጠራው የምርምር ተቋም ጋበዘው። ሃበር በጃንዋሪ 1934 ባዝል ከተማ ላይ ሞተ። የግል ቤተ መጻሕፍቱ ግን ሬሆቮት ደረሰ። እንግዲህ ሃንና ጓደኞቹ የገቡበት ግቢ የእነሱው ማኅበር የገፋውን ሰው መጻሕፍት የያዘ ነበር።

ታዲያ በሩ እንዴት ተከፈተላቸው? በእኔ አመለካከት መልሱ ያለው በጌንትነር የጦርነት ዘመን ሥራ ላይ ነው። ፓሪስ በጀርመን ጦር በተያዘች ጊዜ፣ ጌንትነር የፈረንሳዊውን የፊዚክስ ሊቅ የፍሬዴሪክ ዦሊዮን ቤተ ሙከራ እንዲቆጣጠር ተልኮ ነበር። ከዦሊዮ ጋር ቀድሞ ይተዋወቁ ነበርና ሥልጣኑን ለመከላከያ አዋለው። ዦሊዮና ሌላው የፊዚክስ ሊቅ ፖል ላንዥቫን ሲታሰሩ ለማስፈታት ጣረ፤ የቤተ ሙከራው የቅንጣት ማፍጠኛ መሣሪያ (ሳይክሎትሮን) ተነቅሎ ወደ ጀርመን እንዳይወሰድ ተከላከለ። በ1942 ከፓሪስ ተጠራ። ከጦርነቱ በኋላ ጄኔቫ በሚገኘው በሰርን የአውሮፓ የኒውክለር ምርምር ማዕከል ሲሠራ፣ የዋይዝማን ተቋም የኒውክለር ፊዚክስ ክፍል መሪ ከነበረው ከአሞስ ደ ሻሊት ጋር ተዋወቀ። ደ ሻሊት ለተጠራጣሪ ባልደረቦቹ ሊያቀርበው የሚችለው የታወቀ ምግባር ያለው ሰው ነበረው። ሃንም ቢሆን የናዚ ፓርቲ አባል አልነበረም፤ በ1938 የሥራ ባልደረባው፣ የአይሁድ ተወላጅዋ የፊዚክስ ሊቅ ሊዜ ማይትነር ከበርሊን ስታመልጥ ረድቷታል።

ገንዘቡና ፖለቲካው በሌላ መንገድ መጡ። በአውሮፓ የተቋሙ ተወካይ የነበረው ዮሴፍ ኮን መራሔ መንግሥት ኮንራድ አደናወርን ቀርቦ አነጋገረ። አደናወር ምርምሩን ያየው በእስራኤል ፊት የጀርመንን ስም ለማደስ እንደሚያገለግል መንገድ ነው፤ ከጉብኝቱ በኋላ ለተቋሙ 3 ሚሊዮን ማርክ ተፈቀደ። በማርች 1960 ደግሞ አደናወርና የእስራኤል ጠቅላይ ሚኒስትር ዳዊት ቤን ጉርዮን ኒው ዮርክ ላይ ተገናኙ። በ1961 እስራኤል ውስጥ የተካሄደው የናዚው ባለሥልጣን የአይሽማን ችሎት ቁስሉን ሁሉ በአደባባይ ቢገልጠውም የተመራማሪዎቹ ግንኙነት አልተቋረጠም። በ1964 የማክስ ፕላንክ ማኅበር ሚነርቫ በተባለ ተቀጥላ ድርጅቱ በኩል ከዋይዝማን ተቋም ጋር መደበኛ ውል ገባ።

ሁለቱ አገሮች የዲፕሎማሲ ግንኙነት የመሠረቱት በሜይ 12 ቀን 1965 ነው። ለዚህ መንገድ ጠራጊነት አብዛኛው ምስጋና ለሃን ስም ሲሰጥ ኖሯል። መዝገቡን ለሚመረምር ሰው ግን የሚበልጠው ድርሻ የደ ሻሊት ነው፤ በአገሩ ሰው ፊት ለጀርመናዊ ዋስ የሆነው እሱ ነበርና።