ከሁለት ሞለኪውሎች ጥምረት የሚወለደው፣ ዓይን የማያየው ብርሃን

የቴሌቪዥን መቆጣጠሪያ፣ በተለምዶ ሪሞት የሚባለው፣ ሲጫን ከጫፉ ብርሃን ይወጣል። የሰው ዓይን አያየውም፤ ብዙ የስልክ ካሜራዎች ግን ያዩታል። መቆጣጠሪያውን ወደ ካሜራው አዙሮ መጫን ብቻ ይበቃል። ይህ ታህተ ቀይ ወይም ኢንፍራሬድ የሚባለው ብርሃን ለሚታየው ብርሃን ቅርብ የሆነው ክፍል ነው። የሚጀምረው የዓይናችን ቀይን የማየት አቅም ከሚያበቃበት፣ የሞገድ ርዝመቱ 700 ናኖሜትር ገደማ ከሆነበት ስፍራ ነው።

ሐኪሞች ይህን ብርሃን የሚፈልጉት ሰውነትን ዘልቆ ስለሚገባ ነው። ከ700 እስከ 900 ናኖሜትር ባለው ክልል የደም ሄሞግሎቢንም ሆነ ውሃ ብርሃኑን ብዙም አይውጡትም። በኮሮና ወረርሽኝ ጊዜ ብዙ ቤተሰቦች የተዋወቁት፣ ጣት ላይ ተሰክቶ የደም ኦክስጅንን የሚለካው መሣሪያ በሁለት ብርሃኖች ይሠራል፤ አንደኛው 660 ናኖሜትር የሆነ ቀይ፣ ሁለተኛው 940 ገደማ የሆነ ታህተ ቀይ ነው።

ዛሬ ይህን ብርሃን በአብዛኛው የሚያመነጩት ጋሊየምና አርሴኒክን ከመሳሰሉ ንጥረ ነገሮች የተሠሩ፣ የማይታጠፉ ክሪስታሎች ናቸው። ተመራማሪዎች ዓይናቸውን በካርቦን ላይ ወደተመሠረቱት ኦርጋኒክ ሞለኪውሎች የጣሉት እነዚህ በፈሳሽ ሊሟሙ፣ በዝቅተኛ ሙቀት ሊዘጋጁና በሚተጣጠፍ ፕላስቲክ ላይ ሊያርፉ ስለሚችሉ ነው። ይሁንና ታህተ ቀይ የሚያበራ አንድ ሞለኪውል ከመነሻው መገንባት ረጅምና አድካሚ የኬሚስትሪ ሥራ ይጠይቃል። ጥምር ክሪስታል የተባለው ዘዴ አቋራጭ መንገድ ነው፤ ያሉትን ሁለት ሞለኪውሎች አጎራብቶ ማስቀመጥ።

ሰጪና ተቀባይ

በጥምር ክሪስታል ውስጥ ሁለት ዓይነት ሞለኪውሎች በተወሰነ ምጣኔ ይደረደራሉ። በመካከላቸው አዲስ ጽኑ ኬሚካዊ ትስስር አይፈጠርም። አንደኛው ኤሌክትሮኑን በቀላሉ የሚለቅ ሰጪ፣ ሌላኛው ኤሌክትሮን የሚሻ ተቀባይ ነው። ፊት ለፊት ተነባብረው ሲቀመጡ ርቀታቸው ብዙውን ጊዜ ከ0.3 እስከ 0.4 ናኖሜትር ይሆናል። ብርሃን ሲያርፍባቸው ኤሌክትሮን ከሰጪው ወደ ተቀባዩ ይዘላል፤ ከእርሱም ጋር ሙል፣ ማለትም የኤሌክትሪክ ቻርጅ፣ ስለሚሸጋገር ክስተቱ የሙል ሽግግር ይባላል። ኤሌክትሮኑ ወደ ስፍራው ሲመለስ የያዘውን ኃይል ብርሃን አድርጎ ሊለቀው ይችላል።

ነገሩ ለኬሚስቶች እንግዳ አይደለም። ጀርመናዊው ፍሬድሪክ ቮለር እ.አ.አ. በ1844 የገለጸው ኪንሃይድሮን ከቢጫው ቤንዞኪኖንና ቀለም አልባ ከሆነው ሃይድሮኪኖን የሚገኝ፣ ወደ ጥቁር ያደላ አረንጓዴ ክሪስታል ነው። ሁለቱን ዱቄቶች በሙቀጫ አብሮ መውቀጥ የቀለሙን ለውጥ ለማየት ይበቃል። የቀለሙ ምንጭ በወጉ የተብራራው ግን ከመቶ ዓመት በኋላ፣ አሜሪካዊው ሮበርት መሊከን በ1952 ባወጣው ንድፈ ሐሳብ ነው።

የብርሃኑ ቀለም የሚወሰነው ሰጪው ምን ያህል ለጋስ፣ ተቀባዩም ምን ያህል የተራበ በመሆኑ ነው። ቴትራሳያኖቤንዚን የተባለውን ተቀባይ እንውሰድ። ሰጪው ልብስን ከብል ለመጠበቅ የሚቀመጠው ናፍታሊን ሊሆን ይችላል። በሁለት የካርቦን ቀለበቶች የተሠራው ናፍታሊን ባለሦስት ቀለበቱ አንትራሲን፣ ቀጥሎም ባለአምስት ቀለበቱ ፔሪሊን ሲተካው ሰጪነቱ ይበረታል፤ ኤሌክትሮኑን ለማዝለል የሚያስፈልገው ኃይል ያንሳል፤ የጥምሩም ብርሃን ደረጃ በደረጃ ወደ ቀይ ያዘነብላል። ከዚህም በላይ የበረታ ተቀባይ ከተመረጠ ብርሃኑ ቀይን አልፎ ከዓይን ይሰወራል።

እስከዚህ ድረስ መንገዱ የተደላደለ ይመስላል። ግን አይደለም።

ብርሃን ወይስ ሙቀት?

በሞለኪውሎቹ ውስጥ ካርቦንና ሃይድሮጅን የተያያዙበት ትስስር ይነዝራል። የሚመለሰው ኤሌክትሮን ኃይሉን ወደዚህ ንዝረት ካፈሰሰው ብርሃን አይወጣም፤ ክሪስታሉ ይሞቃል እንጂ። ንዝረቱ ኃይልን የሚቀበለው በቁርጥ መጠን፣ እንደ ደረጃ ነው። 450 ናኖሜትር የሆነ ሰማያዊ ብርሃን የሚሸከመው ኃይል በዚህ መንገድ እንዲባክን ከሰባት በላይ ደረጃዎች ያስፈልጋሉ። ለ700 ናኖሜትር አምስት ያህል ይበቃሉ፤ ለ1000 ናኖሜትር ደግሞ ከሦስት እምብዛም አይበልጡም። የደረጃዎቹ ቁጥር ባነሰ መጠን ኃይሉ በሙቀት መልክ የሚያመልጥበት ፍጥነት በብዙ እጥፍ ያድጋል። ሮበርት ኢንግልማንና ጆሹዋ ጆርትነር በ1970 በሒሳብ ያሳዩት ይህ ግንኙነት የኃይል ክፍተት ሕግ ይባላል። ቀለሙን ወደ ታህተ ቀይ የገፋው ያው የኃይል ማነስ ብርሃኑንም ያዳክማል ማለት ነው።

ክሪስታል መሆኑ ጥቂት ይረዳል፤ ጥብቅ ብሎ የተደረደረ ሞለኪውል እንደልቡ መወዛወዝና መጠማዘዝ አይችልም። ሌላው ብልሃት ሃይድሮጅንን ዲውቴሪየም በተባለው ከባድ ወንድሙ መተካት ነው። ከባዱ አቶም በዝግታ ስለሚነዝር እያንዳንዱ ደረጃ ያጥራል፣ የደረጃዎቹም ቁጥር ይበዛል። ዲውቴሪየም ግን ውድ ነው።

ሙቀቱን እንደ ኪሳራ ያልቆጠሩትም አሉ። በ2018 የቻይና ተመራማሪዎች ታህተ ቀይ ብርሃንን የሚውጥ ጥምር ክሪስታል አዘጋጅተው 808 ናኖሜትር በሆነ ሌዘር አሞቁት፤ ከዋጠው ብርሃን 18.8 በመቶ ያህሉን ወደ ሙቀት እንደለወጠ ዘግበዋል። እንዲህ ያለ ቁስ ሙቀትን በሚያነብ ካሜራ ምስል ለማንሳት ይታሰባል።

ለሰውነት ውስጥ ምርመራ ግን አንድ እንቅፋት አለ። ሁለቱን ሞለኪውሎች ያጎራበታቸው ክሪስታሉ ስለሆነ ክሪስታሉ ሲሟሟ ጥምረቱ ይፈርሳል፤ ሰጪና ተቀባይ ይለያያሉ፣ ብርሃናቸውም አብሮ ይጠፋል። ስለዚህ ክሪስታሉ ወደ ጥቃቅን ቅንጣቶች ተለውጦ እንዳይሟሟ በሌላ ቁስ መሸፈን ይኖርበታል። በአሜሪካ ከ1959 ጀምሮ ለሕክምና የተፈቀደው ኢንዶሳያኒን ግሪን የተባለው ቀለም ይህ ችግር የለበትም፤ አንድ ሞለኪውል በመሆኑ በደም ውስጥ ሟሙቶም ከ800 ናኖሜትር በላይ ያበራል።