ካንዴላና ፍሪሲዮን

ከሚያዝያ 2015 ዓ.ም. ጦርነት ጥቂት ዓመታት ቀደም ብሎ፣ በካርቱም ባሕሪ የኢንዱስትሪ ቀበሌ ወደሚገኝ አንድ ጋራዥ ለትርጉም ሥራ ተጠርቼ ሄጄ ነበር። የሽያጭ ውል ወይም የፍርድ ቤት ወረቀት ይሆናል ብዬ ነበር የገመትኩት። የጠበቀችኝ ግን በአቡጀዲድ የተሸፈነች አንዲት አሮጌ መኪና ናት፤ አልፋ ሮሜዮ፣ ጁሊዬታ ስፕሪንት። ባለቤቷ ሱዳናዊ መሐንዲስ ሲሆን፣ አባቱ በ1960ዎቹ እ.ኤ.አ. አስመራ ይኖር ከነበረ ጣሊያናዊ እንደገዟት አጫወተኝ። የሚጠግኗት ሰው ደግሞ ሰባ ዓመት የተጠጉ ሐበሻ ናቸው። ሙያውን በልጅነታቸው አስመራ ጀምረው አዲስ አበባ ያጠናቀቁት እኒህ አዛውንት፣ ልጃቸውን ሊጠይቁ ካርቱም መጥተው ሥራው ያዛቸው። ዓረብኛ አይሰሙም፤ ባለመኪናው አማርኛ አይሰማም። እኔ የተጠራሁት ለዚህ ነበር።

ጉዳዩ እንዲህ ነው። አንድ አውሮፓዊ ገዢ መኪናዋን ባለችበት ሁኔታ ለመግዛት ደብዳቤ ጽፏል። ዋጋው ደህና ነው፤ ይሁንና ከፋብሪካ የወጣው ዕቃ ላልሆነው ሁሉ ተቀናሽ አለው። ከላሜራ ተቆርጦ የተበየደው ማርሚታ፣ ከከባድ መኪና ጎማ ተቀርጾ የገባው የሞተር ማስቀመጫ ላስቲክ፣ በካርቱም ባለሙያ የተሰፋው ወንበር፣ ሁሉም በዝርዝር ሰፍሮ በአንጻሩ የሚቀነሰው ገንዘብ ተጽፏል። ባለቤቱ በዓረብኛ ያብራራል፣ እኔ በአማርኛ አቀርባለሁ። «ኦሪጅናል አይደለም» የሚለውን ቃል ለአምስተኛ ጊዜ ስደግመው አዛውንቱ መፍቻቸውን አስቀመጡና፣ «ልጄ፣ ታዲያ ይቺ መኪና እስከ ዛሬ በማን እጅ ኖረች? ብለሽ ጠይቂልኝ» አሉኝ። ጠየቅሁ። ባለቤቱም ዝም አለ። እኔ ግን ጥያቄው ከዚያ ወዲህ አልለቀቀኝም፤ ይህን ጽሑፍም ያስጻፈኝ እሱ ነው።

የኢጣሊያ መኪና ወደ እኛ አገር የመጣው ለሽርሽር አይደለም። አፄ ምኒልክ የመጀመሪያዋን አውቶሞቢል ያዩት በ1900 ዓ.ም. ሲሆን፣ እርሷም እንግሊዛዊው ቤዲ ቤንትሊ ያመጣት ዎልስሊ ነበረች። ያኔ አውቶሞቢል የቤተ መንግሥት ብርቅ ነው። ከ1928 ዓ.ም. ወዲህ የመጣው ግን ሌላ ነው። የፋሽስት ጦር በፊያትና በላንቺያ ካሚዮን ጥይትና ወታደር እያጋዘ ገባ፤ ኋላም ለነዚሁ ካሚዮኖች ሲባል ተራራ ተናደ፣ ጣርማ በር ተበሳ። አልፋ ሮሜዮ ራሱ፣ ዛሬ በውበቱ የምናደንቀው ድርጅት፣ ከ1933 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በመንግሥት እጅ የገባና ከመኪናው ይልቅ የአውሮፕላን ሞተር በብዛት የሚሠራ ፋብሪካ ነበር። በኢትዮጵያ ሰማይ ላይ ከበረሩት ሳቮያ ማርኬቲ 81 ቦምብ ጣዮች ከፊሎቹ የተነሡት በእርሱ ሞተር ነው። ቆይቶም ከ1939 እስከ 1942 እ.ኤ.አ. «ኮሎኒያሌ» ማለትም «የቅኝ ግዛት» የሚል ስያሜ ያላት 2500 ሞዴል ሠርቷል፤ 152 ብቻ ወጥተዋል። ዛሬ ከነዚያ አንዷ ለጨረታ ብትቀርብ ሰብሳቢዎች ይሻሙባታል። ስያሜዋን ማንም አይተረጉመውም።

ይህን የማነሣው የመኪናዎቹን ውበት ለማጠልሸት አይደለም። ታሪኩ ራሱ ዞሮ የተገለበጠበት ቀን ስላለ ነው። ቀኑ ደግሞ ከካርቱም ጋር ይያያዛል። ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ በ1932 ዓ.ም. መጨረሻ ከስደት ወደዚህ ከተማ መጡ። «ባንዲራችን» የተባለው የአማርኛ ጋዜጣ እዚህ ካርቱም እየታተመ ወደ ጎጃም አርበኞች ይላክ ነበር፤ በዓባይ ዳር በአማርኛ የማተም ታሪክ አዲስ እንዳልሆነ አንባብያን ልብ ይሏል። ንጉሡ ጥር 12 ቀን 1933 ዓ.ም. ኦሜድላ ላይ ድንበር ተሻገሩ። ከሦስት ወር ተኩል በኋላ፣ ሚያዝያ 27 ቀን፣ ባዶሊዮ አዲስ አበባ በገባ ልክ በአምስተኛ ዓመቱ፣ ዋና ከተማቸውን ረገጡ። የዘመቻውን ታሪክ የጻፉ ሰዎች እንደሚተርኩት፣ ዊንጌት በነጭ ፈረስ ከፊት ሲሄድ ንጉሡ የተቀመጡት በአንድ ክፍት አልፋ ሮሜዮ ላይ ነበር። ከዚያች መኪና የበለጠ ታሪክ ያላት የኢጣሊያ መኪና ለእኔ የለችም፤ ለእሽቅድምድም ሳይሆን ለድል የተነዳች ናትና።

ከድሉ በኋላ ካሚዮኖቹም፣ ጋራዦቹም፣ ከመካኒኮቹም ጥቂት የማይባሉት ቀሩ። አስመራ ያየ ሰው፣ በ1938 እ.ኤ.አ. በጁሴፔ ፔታዚ ንድፍ የተሠራውን የፊያት ታሊዬሮ የነዳጅ ማደያ አይረሳውም፤ ሁለት የኮንክሪት ክንፎቹን ያለ አንዳች ምሰሶ ዘርግቶ ሊበር የተነሣ አውሮፕላን ይመስላል። ከተማዋ በ2017 እ.ኤ.አ. በዓለም ቅርስነት ስትመዘገብ እርሱም ከመታወቂያዎቿ አንዱ ነበር። ቆንጆ ነው። ነገር ግን ያ ክንፍ በተዘረጋበት ዘመን ለአገሬው ልጅ የተፈቀደው ትምህርት ከአራተኛ ክፍል አያልፍም ነበር። ሞተር እንዴት እንደሚሠራ በመጽሐፍ የሚማርበት በር ዝግ ነው። የተፈቀደለት መጥረግ፣ ማጠብና መፍቻ ማቀበል ነው። መፍቻ የሚያቀብል ልጅ ደግሞ ዓይን አለው። የትኛው መፍቻ በየትኛው ሰዓት እንደሚጠየቅ ያስተውላል፤ ባስተዋለ በጥቂት ዓመታት ውስጥም ጣሊያናዊው ሳይጠይቀው ያቀብለዋል፤ ቆይቶ ራሱ ይፈታል። የካርቱሙ አዛውንት መምህር በዚህ መንገድ የተማሩ ሰው ነበሩ።

ትምህርት ቤት ስላልገባ ቋንቋውም በጆሮ ገባ። እንደ ተርጓሚ ሁልጊዜ የሚደንቀኝ ይህ ነው። ማንም አካዳሚ ሳይሰበሰብ፣ ማንም መዝገበ ቃላት ሳያዘጋጅ፣ አማርኛ በጋራዥ ወለል ላይ ሙሉ የሙያ ቋንቋ አገኘ። ካንዴላ በጣሊያንኛ ሻማ ነው። ፍሪሲዮን መፋተግ ነው፤ ሁለት ሰሌዳዎች ተፋትገው ኃይል ያስተላልፋሉና። ካላማዳሪያ «የአየር ክፍል» ከሚሉ ሦስት ቃላት ተጨፍልቆ የወጣ ነው። ካቻቢቴ «ብሎን አባራሪ» እንደማለት ነው፤ ፓራውልት «ግጭት መካች» ነው። ባሌስትራ ከሁሉ ይገርመኛል፤ በጥንቱ ጣሊያንኛ ትርጉሙ ቀስት መወርወሪያ መሣሪያ ነው። በመኪና ሆድ ሥር የተደራረበውን የብረት ቅጠል ጎንበስ ብሎ ያየ ሰው ደጋን መምሰሉን ያስተውላል። ፍሬቻም እንዲሁ ቀስት ነው። በድሮ መኪኖች ላይ የመታጠፊያ ምልክት እንደዛሬው ብልጭ ድርግም የሚል መብራት አልነበረም፤ ከመኪናው ጎን ተፈናጥራ የምትወጣ ትንሽ ክንድ ነበረች። ክንዷ ከጠፋች ስንት ዘመኗ፤ ስሟ ግን አዲስ አበባ ባለ በእያንዳንዱ የታክሲ ሹፌር አፍ ላይ አለች።

እዚህ ካርቱም ነገሩ ሌላ ነው። ሱዳን በእንግሊዝ መኪና ያደገች አገር ስለሆነች ፍሪሲዮኑ «ክላች»፣ መለዋወጫው «ኢስቢር» ነው። በዚያ ጋራዥ ባለቤቱ ክላች ሲል አዛውንቱ ፍሪሲዮን እያሉ፣ ሁለቱም አንዱን ፔዳል በእጃቸው እየነኩ ይስማሙ ነበር። እኔን የፈለጉኝ ስለ ገንዘብ ሲነጋገሩ ብቻ ነው።

ስለዚያው መኪና ጥቂት ልበል፤ የውብ ነገርን አሠራር ማወቅ ደስ ይላልና። ጁሊዬታ ስፕሪንት ለሕዝብ የታየችው በሚያዝያ 1954 እ.ኤ.አ. በቶሪኖ ትርዒት ነው። የሚገርመው፣ ባለአራት በሯ የቤተሰብ መኪና ገና ሳትደርስ ባለሁለት በሯ ቀድማ መውጣቷ ነው። ቅርጿ ከቤርቶኔ ቤት ነው፤ በማግሥቱ ዓመት የመጣችው ክፍቷ ስፓይደር ደግሞ ከፒኒን ፋሪና። ሞተሯ 1290 ሲሲ ብቻ፣ ጉልበቱ 65 ፈረስ ነው። ነገር ግን ብሎኩ ከአሉሚኒየም የተሠራ፣ ከቴስታታው ላይ ሁለት ካምሻፍት የተጋደመበት ነው፤ ይህ ከዚያ በፊት በእሽቅድምድምና በባለጸጋ መኪና ብቻ የሚታይ አሠራር ነበር። ይህን ለደመወዝተኛ ማቅረባቸው ነው አልፋዎችን ከሞት ያዳናቸው። ለእኛ ሕዝብ ግን ይህም ሩቅ ነበር። በእኛ ከተሞች ጎዳናውን የሞላችው ዳንቴ ጃኮሳ የነደፋት፣ በ1955 እ.ኤ.አ. የወጣችው ፊያት 600፣ ሴይቼንቶ ናት። 633 ሲሲ ሞተሯን ከኋላ አዝላ፣ ሰማያዊና ነጭ ተቀብታ፣ አዲስ አበባን በታክሲነት ለዓመታት ያገለገለች። በረጅሙ መንገድ ላይ ደግሞ ፊያት 682፣ የእኛ ሹፌሮች «ኤን ትሬ» የሚሉት ካሚዮን ነበር። አልፋውን የሚጠግን እጅ የሠለጠነው በነዚህ ላይ ነው።

አሮጌ የኢጣሊያ መኪና መግዛት የሚሻ ሰው በመጀመሪያ ብረቱን ይመርምር። ሞተር ይታደሳል፣ ዝገት የበላው የበር ሥርና የወለል ላሜራ ግን ገንዘብ ይበላል። በዚህ ረገድ ደረቁ የካርቱም አየር ባለውለታ ነው፤ ከምፅዋ የባሕር ጨው የመጣች መኪናና እዚህ የኖረች መኪና አይተካከሉም። በአንጻሩ ሙቀቱ ላስቲኩን ሁሉ ያደርቃል፣ አቧራው ካርቡራተሩን ይደፍናል። በአልፋ ካምቢዮ ሁለተኛው ማርሽ ደካማ መሆኑ የታወቀ ነው፤ ሞተሩ ሳይሞቅ የሚቸኩል ነጂ ያንኳኳዋል። የሻሲና የሞተር ቁጥሩን የያዘ ሰው አሬዜ በሚገኘው የአልፋ ሮሜዮ የሰነድ ማዕከል መኪናው መቼ ከፋብሪካ እንደወጣ የሚመሰክር ወረቀት ማውጣት ይችላል። ለገዢ ይህ ወረቀት ወርቅ ነው።

ወረቀቱ የማይነግረው ነገር ግን አለ። አስመራ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,300 ሜትር በላይ ትገኛለች፤ ካርቱም 400 አትሞላም። በአስመራ አየሩ ከዝቅተኛው ቦታ በአንድ አምስተኛ ያህል የሳሳ ስለሆነ፣ የአስመራ መካኒክ ቤንዚን የሚያሳልፈውን የካርቡራተር ቀዳዳ በጠባብ ይለውጠዋል፤ አለዚያ ሞተሩ ቤንዚን ይጠግብና ጥቁር ጭስ ይተፋል። ያቺ ጁሊዬታ እንደተስተካከለች ወደ ካርቱም ወረደች። እዚህ ወፍራም አየር ጠበቃት። ቤንዚን አነሳት፣ ጋለች፣ ቫልቭ አቃጠለች። የባለቤቱ አባት «የጣሊያን ሞተር ሙቀት አይችልም» ብለው ለዓመታት አቆሟት። (ሱዳን በቀኝ መንዳት የጀመረችው በ1973 እ.ኤ.አ. ነውና፣ መሪዋ በግራ የሆነ መኪና በግራ መንገድ መንዳቱም አሰልችቷቸው እንደሆነ ማን ያውቃል።) አዛውንቱ ካንዴላውን ፈትተው አንድ ጊዜ እንዳዩት ነገሩ ገባቸው። ጫፉ ነጭ ነበር፤ ነጭ ካንዴላ የተራበ ሞተር ነው።

ታዲያ ኦሪጅናል ማለት ምንድን ነው? የፋብሪካው ቀዳዳ የሚላኖ አየር ነው፣ የተለወጠው የአስመራ ነው፣ አዛውንቱ በቀጭን መሰርሰሪያ አስፍተው የመለሱት የካርቱም ነው። ሰብሳቢው የመጀመሪያውን ብቻ ታሪክ ይለዋል። እኔ በዚህ አልስማማም። የተበየደው ማርሚታ አንድ መለዋወጫ ያልመጣበትን ዘመን፣ ከጎማ የተቀረጸው ላስቲክ አንድ የተዘጋ ድንበርን ይናገራል። እነዚህን አውልቆ ጥሎ በፋብሪካ ዕቃ የተካ ሰው መኪናዋን ያድሳታል፤ ሃምሳ ዓመቷን ግን ይፍቅባታል። በኢትዮጵያ በኩል ነገሩ ይበልጥ ያስቸኩላል። በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ በአሮጌ መኪና ላይ ከባድ ታክስ ጣለ፤ በ2016 ዓ.ም. ደግሞ በቤንዚንና በናፍጣ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች እንዳይገቡ ተከለከለ። ክልከላው የራሱ ምክንያት አለው። ውጤቱ ግን፣ ከአገር የወጣች አሮጌ መኪና ተመልሳ አትተካም፤ ካርቡራተር የሚያነብ እጅም ተተኪ ተማሪ አያገኝም።

ባለቤቱ ለአውሮፓዊው መልስ ከመጻፉ በፊት ሞተሩ ሲነሣ ማየት ፈለገ። አዛውንቱ ካርቡራተሩን ገጥመው፣ መኪናዋን በዚያው በኢንዱስትሪው መንገድ ሁለት ጊዜ ነድተው ተመለሱ። አንዱን ካንዴላ በጨርቅ ይዘው ፈቱና ወደ ብርሃኑ አዞሩት። ጫፉ ነጭም ጥቁርም አልነበረም፤ ቡናማ ነበር።

«ማኪያቶ» አሉ።

ባለቤቱ ወደ እኔ ዞሮ ምን እንዳሉ ጠየቀኝ። «ቡና በወተት» ብዬ በዓረብኛ ነገርኩት። ግራ ተጋብቶ አየኝና፣ ልጁን ጠርቶ ሦስት ስኒ ቡና አዘዘልን።