7433፦ በቡሬ የጦርነት ዓመት ፋሲካ የወጣበት ቁጥር

መስከረም 1 ቀን 1933 ዓ.ም. ሲጠባ ቡሬ በጣሊያን ጦር እጅ ነበረች። ጠላት ቢሰፍርም በዓል አይቀርም። በጎጃም አድባራት በቅዱስ ዮሐንስ ዕለት ባሕረ ሐሳብ የተማረ ሊቅ ቆሞ፣ ጾሙ መቼ እንደሚገባ፣ ፋሲካ መቼ እንደሚውል ለምእመናን ማወጅ የቆየ ልማድ ነው። ለዚህ ሁሉ የሚያስፈልገው አንድ ቁጥር ብቻ ነው።

የዚያ ዓመት ቁጥር 7433 ነበር፤ ዓመተ ኩነኔው 5500 ከዓመተ ምሕረቱ 1933 ጋር ተደምሮ። በግእዝ ፸፬፻፴፫ ተብሎ ይጻፋል። የግእዝ አኃዝ ዜሮ የለውም፤ ስለዚህ አምዶቹን ቀጥ አድርጎ ደርድሮ ማካፈል አይመችም። ሊቁ ግን ችግር የለበትም። ቁጥሩን በ4፣ በ7፣ በ19 ይገድፍና ትርፉን ብቻ ይይዛል።

7433 በ4 ሲገደፍ 1858 ደርሶ 1 ይተርፋል፤ ዘመኑ ማቴዎስ ነው። 1858ቱ መጠነ ራብዒት ይባላል። በየአራት ዓመቱ ጳጉሜን ስድስት ስለምትሆን የተጠራቀሙትን ትርፍ ቀናት የሚቆጥረው እሱ ነው። ከ7433 ጋር ሲደመር 9291 ይሆናል፤ በ7 ሲገደፍ 2 ይተርፋል። አንድ ማክሰኞ፣ ሁለት ረቡዕ። መስከረም 1 ረቡዕ ዋለ።

የስሌቱ እምብርት 19 ነው። 19 የፀሐይ ዓመት 235 የጨረቃ ወር ያህላል፤ ስለዚህ በ19 ዓመት ጨረቃዋ ወደ ቀድሞ ቀኗ ትመለሳለች። 7433 በ19 ሲገደፍ 4 ይቀራል፤ ለዘመኑ አንድ ሲነሣለት ወንበር 3። ሦስት ጊዜ 11፣ 33፤ ሠላሳው ሲገደፍ አበቅቴ 3። ሦስት ጊዜ 19፣ 57፤ ሠላሳው ሲገደፍ መጥቅዕ 27። ሁለቱ ተደምረው 30 ሞሉ። 11 እና 19 ራሳቸው 30 ስለሆኑ ይህ በየትኛውም ዓመት አይዛነፍም፤ ተማሪው ቢሳሳት ወዲያው ይታወቅበታል። በጭንቅላት ለሚሠራ ሰው ከዚህ የተሻለ ማረጋገጫ ማግኘት ይከብዳል።

መጥቅዑ 27 ስለሆነ የሚታየው መስከረም 27 ነው፤ ዕለቱም ሰኞ ነው። የሰኞ ተውሳክ፣ ማለትም ለዕለቱ የሚጨመረው ቁጥር፣ 6፤ ከ27 ጋር 33። ከሠላሳ ስላለፈ ሠላሳው ተገድፎ ነነዌ የካቲት 3፣ ዐቢይ ጾም የካቲት 17፣ ፋሲካ ሚያዝያ 12 ወጣ። እንደታወጀውም ጾሙ ገባ፤ የጣሊያን ጦር ቡሬን ለቅቆ የወጣው የካቲት 25፣ በቅድስት ሳምንት ነበር። ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ መጋቢት 28 ደብረ ማርቆስ ገቡ፤ ከ14 ቀን በኋላ ፋሲካ ሆነ።

4፣ 7 እና 19 ሲባዙ 532 ይሆናል፤ ዐቢይ ቀመር የሚባለው ይህ ነው። ዕለቱም፣ ወንጌላዊውም፣ ጨረቃዋም አንድ ላይ ወደ መነሻቸው የሚመለሱት በ532 ዓመት ነው። 1933 የ14ኛው ዐቢይ ቀመር 517ኛ ዓመት ሲሆን፣ 15ኛው በ1949 ጀምሯል።

ሚያዝያ 12 ግን ያን ያህል አልጠበቀም። ለምሳሌ በ2017 ዓ.ም. ፋሲካ እንደገና በዚያው ቀን ዋለ። መጥቅዑ 29፣ ዕለቱ ረቡዕ፣ ተውሳኩ 4፤ ድምሩ ያው 33።