እረኛ ያልተቀረጸለት መንጋ

ከዲላ ከተማ ብዙም በማይርቅ ጠባብ ሸለቆ፣ ጅረቱን ይዞ በቆመ የድንጋይ ግድግዳ ላይ 50 ያህል ከብቶች ተቀርጸዋል። ቦታው ሻቤ ይባላል። ከብቶቹ ፊታቸውን ወደ አንድ አቅጣጫ አድርገው ተከታትለው ይሄዳሉ። ፈረንሳዊው አርኪዮሎጂስት ፍራንሲስ አንፍሬ በ1967 (እ.ኤ.አ.) ባሳተመው ጥናት ከምሁራን ጋር አስተዋወቃቸው።

ጠጋ ብሎ ያየ ሰው ቀራጩ ልቡን የጣለው የት ላይ እንደሆነ አይጠፋውም። ራሳቸው ትንሽ ነው፤ ለፊታቸው የተጨነቀለት የለም። አካላቸው በጎን ሲታይ ቀንዳቸው ግን ከላይ እንደታየ ግራና ቀኝ ተዘርግቷል። ግታቸው ደግሞ ከልክ በላይ ጎልቶ ወጥቷል። ይህን ለማግኘት በምስሉ ዙሪያ ያለውን ድንጋይ እየጠረቡ መጣል ግድ ነው፤ የአንድ ከሰዓት ጨዋታ አይደለም። ያን ሁሉ ድካም ግት ላይ ያፈሰሰ ሕዝብ፣ በእኔ ግምት፣ ከብቱን ለሥጋው ብሎ አላረባም።

ደግሞ ሻኛ የላቸውም። ዛሬ በዚያ አገር የሚሰማሩት ከብቶች ባለ ሻኛ በመሆናቸው፣ ምስሎቹ ከዚህ ዝርያ መስፋፋት በፊት የነበረውን ከብት ይዘው ቀርተዋል ይላሉ አጥኚዎች።

ከብቱን ብቻ አይቶ መመለስ ግን ነገሩን በግማሽ መተው ነው። በዚያ አገር የድንጋይ ፊት ሞልቶ ሳለ የተመረጠው ውሃ የሚወርድበት ሸለቆ ነው። አርብቶ አደር ዘንድ ውሃና ግጦሽ ሰው የሚገናኝበትም የሚጣላበትም ጉዳይ ነው። እንዲህ ባለ ስፍራ መንጋን በድንጋይ ማሰለፍ፣ ለእኔ፣ ለሚያልፈው ሁሉ «እዚህ ባለቤት አለ» እንደ ማለት ነው። እረኛውን መቅረጽ አላስፈለገም፤ ላሞቹ የማን እንደሆኑ የዚያን ጊዜ ሰው ያውቃል።

ከሐርጌሳ ወደ በርበራ በሚወስደው መንገድ አቅራቢያ ያለው ላስ ጌል ሌላ መልክ አለው። እ.ኤ.አ. በ2002 አንድ የፈረንሳይ የጥናት ቡድን ለዓለም ያስተዋወቃቸው የዋሻ ሥዕሎች በቀለም የተሠሩ ናቸው። እዚያ ሰው አለ፤ አንገቷ በመስመር ካጌጠ ላም ሥር ሁለት እጁን ወደ ላይ ዘርግቶ ቆሟል። ሥርዓት ይመስላል፤ ምን እየተባለበት እንደነበር መተረክ ግን ድፍረት ነው። ዋሻዎቹም የሚገኙት ሁለት ደረቅ ወንዞች በሚገናኙበት ነው። እንደገና ውሃ!

ስለዚህ ድንጋዩን በአጥር ከልሎ ጅረቱንና የከብቱን መንገድ ለግንባታ መስጠት ቅርስ መጠበቅ አይባልም። ለጎብኚም አንድ ቃል፦ ለፎቶ እንዲጎላ ተብሎ ምስሉን በጠመኔ መክበብ ወይም በውሃ ማራስ ድንጋዩን ይጎዳዋልና እባካችሁ ተዉት።