ከይሐ እስከ ሐረር
በታሪክ ክበብ አባሎች የተዘጋጀ

የትምህርት ቤታችን የምሥረታ በዓል በሚከበርበት በዚህ ዓመት፣ ለመታሰቢያው መጽሐፍ የታሪክ ክበብም የበኩሉን እንዲጽፍ ጥቂት ገጾች ተሰጥተውታል። በመጀመሪያ ያሰብነው በአውቶቡስ ወደ ሰሜን ተጕዘን ጥንታውያኑን የሃይማኖት ሥፍራዎች በዓይናችን አይተን ለመጻፍ ነበር። ነገር ግን ያዋጣነው ገንዘብ ቢቈጠር ከደሴ የሚያሳልፍ ሆኖ አልተገኘም። ስለዚህ በክፍላችን ግድግዳ ላይ ታላቅ የኢትዮጵያ ካርታ ሰቅለን፣ በቀይ ክር ቦታውን ከቦታ እያያያዝን፣ መጻሕፍት እያነበብንና ታላላቆቻችንን እየጠየቅን ጕዞውን በዚያው ፈጸምነው። ውድ አንባብያን ሆይ፣ እናንተም ክሩን ይዛችሁ እንድትከተሉን እንለምናችኋለን።

ካርታው አንድ ጥቅም ነበረው። ክበባችን ወንዶችም ሴቶችም፣ ክርስቲያኖችም ሙስሊሞችም ያሉበት ነው፤ በእግራችን ብንሄድ ኖሮ በአንዳንዱ በር ላይ ግማሾቻችን ውጭ በቀረን ነበር። በካርታው ላይ ግን ሁላችንም ገባን። ዓመቶቹን የጻፍነው እንደ ኤውሮፓ አቈጣጠር ነው።

ክሩ የተጀመረው ከዐድዋ በስተ ሰሜን ምሥራቅ ከምትገኘው ከይሐ ነው። ይሐ ዛሬ ትንሽ መንደር ናት፤ ነገር ግን ከክርስቶስ ልደት በፊት በ7ኛው መቶ ዓመት ገደማ የተሠራ መቅደስ በመካከልዋ ቆሞ ይታያል። የተሠራውም አልመቃህ ለሚባለው አምላክ ነበረ፤ ይኸውም ከቀይ ባሕር ማዶ በሳባ አገር፣ በማሪብ ከተማ ይመለክ የነበረው ነው። ጣራው ከጠፋ ብዙ ዘመን ሆኖታል፤ ግድግዳው ግን 13 ሜትር ያህል ከፍታ ይዞ፣ ጭቃም ኖራም ሳይገባበት፣ ድንጋይ በድንጋይ ላይ እንደ ተገጣጠመ አለ።

እዚህ ላይ ከመካከላችን አንዱ፣ «የጣዖት ቤት ከሆነ ክርስትና በገባ ጊዜ ለምን አላፈረሱትም?» ብሎ ጠየቀ። መልሱ አላፈረሱትም፣ ወረሱት የሚል ነው። መቅደሱ በኋላ ቤተ ክርስቲያን ሆኖ አገልግሏል፤ ከዘጠኙ ቅዱሳን አንዱ አባ አፍጼ በዚያ እንደ ተቀመጡ ይነገራል። ባይወርሱት ኖሮ ድንጋዩ እየተነቀለ ለካብና ለጎጆ መሠረት ይውል ነበር ብለን እናስባለን። የዚህ ጥያቄ ነገር ግን በይሐ አላለቀም፤ ወደ ፍጻሜው እንደ ገና አገኘነው።

ከይሐ ወደ አክሱም ክሩ አጭር ነው፤ ዘመኑ ግን ረዥም ነው። የአክሱም ሐውልቶች የመቃብር ምልክቶች ናቸው። ከሁሉ የሚበልጠው 33 ሜትር ርዝመትና 520 ቶን ያህል ክብደት አለው፤ የ13 ፎቅ ቤት መስሎ፣ በርና መስኮት ተቀርጾለት፣ ዛሬ ተሰባብሮ ወድቆ ይገኛል። ሁለተኛው 24 ሜትር ያህል ሲሆን በ1937 የፋሺስት መንግሥት ወደ ሮማ ወስዶ አቆመው። በ1947 በተፈረመው የሰላም ውል ኢጣልያ በ18 ወር ውስጥ የዘረፈችውን እንድትመልስ ተወስኖ ነበር፤ ሐውልቱ አክሱም የደረሰው ግን በ2005 ነው። 18 ወር የተባለው 58 ዓመት ሆነ ማለት ነው! ሦስት ቦታ ተከፍሎ በሦስት ጊዜ በረራ መጣ፤ በ2008 በቦታው ቆመ። የአንዳንዶቻችን አያቶች ተስፋ አድርገው ሳያዩት አልፈዋል።

ሐውልቶቹ ትልቅ ስለ ሆኑ ሁሉም ስለ እነርሱ ይጽፋል። እኛ ግን በጣም የወደድነው በመዳፍ ውስጥ የምትገባውን የአክሱም ሳንቲም ነው። በንጉሥ ኢዛና የመጀመሪያ ሳንቲሞች ላይ የጨረቃና የፀሐይ ምልክት ይታያል፤ በኋለኞቹ ላይ ግን በዚያው ሥፍራ መስቀል ገብቷል። እንግዲህ በ4ኛው መቶ ዓመት አገሪቱ ሃይማኖትዋን እንደ ለወጠች በገበያ ውስጥ ከእጅ ወደ እጅ በሚዞር ገንዘብ ላይ ተጽፎ ነበር። ንጉሡን ወደ ክርስትና የመራው ከሶርያ ምድር የመጣው ፍሬምናጦስ ነው፤ እኛ አባ ሰላማ ከሣቴ ብርሃን የምንለው።

የአክሱም ጽዮን ታቦተ ሕጉ ያለበት ሥፍራ ናት ተብሎ ይታመናል፤ ከጠባቂው በቀር ማንም አያየውም። አሮጌው ቤተ ክርስቲያን በዐፄ ፋሲለደስ ዘመን በ17ኛው መቶ ዓመት የተሠራ ሲሆን ሴቶች አይገቡበትም። ዐፄ ኃይለ ሥላሴ ያሠሩት አዲሱ በ1965 ተመርቆ ለሁሉም ክፍት ሆኗል። ከፋሲለደስ በፊት የነበረው ጥንታዊው ሕንጻ የት ደረሰ? በ1535 ገደማ የኢማም አሕመድ ሠራዊት አቃጥሎታል። ይህን ዐረፍተ ነገር ለመጻፍና ላለመጻፍ ሁለት ስብሰባ ፈጅቶብናል። አንዳንዶቻችን «የበዓል መጽሐፍ ነው፣ ቍስል አንንካ» አልን፤ ሌሎቻችን «ያልተጻፈ ታሪክ ምን ታሪክ ነው?» አልን። ውሳኔውን ለሐረር አቈየነው።

ከአክሱም በስተ ምሥራቅ ዞረን ከውቅሮ በላይ ወደ ምትገኘው ወደ ነጋሽ ወረድን። በ615 ገደማ የነቢዩ መሐመድ ተከታዮች ከመካ መከራ ሸሽተው ወደ ሐበሻ ንጉሥ ተሰደዱ። የእስልምና ታሪክ ጸሐፊዎች እንደሚተርኩት፣ የመካ ሹማምንት ስደተኞቹን ለማስመለስ ገጸ በረከት አስይዘው መልእክተኞች ላኩ፤ ንጉሡ ግን በጃዕፈር ኢብን አቢ ጣሊብ አፍ ከቁርኣን የማርያምን ምዕራፍ ካዳመጠ በኋላ ስደተኞቹን አሳልፎ አልሰጠም። ንጉሡና ከስደተኞቹ አንዳንዶቹ በነጋሽ እንደ ተቀበሩ ይታመናል። በ2020 መጨረሻ በጦርነቱ የመስጊዱ ሚናራና መቃብሩ ተመትተው ተጎድተዋል።

በዚህ ምዕራፍ ሁላችንንም ያስደነቀን ግን ሌላ ነገር ነው። ከስደተኞቹ መካከል ኡሙ ሰላማና ኡሙ ሐቢባ የሚባሉ ሁለት ሴቶች ነበሩ፤ በኋላ የነቢዩ ሚስቶች ሆኑ። እነርሱም በሐበሻ ምድር ስላዩት፣ በማርያም ስም ስለሚጠራውና ሥዕል ስላለበት ቤተ ክርስቲያን መናገራቸው በሐዲስ መጻሕፍት ተመዝግቦ ይገኛል። ሊቃውንት ይህ የአክሱም ጽዮን ሳይሆን አይቀርም ብለው ይገምታሉ። ግምቱ ልክ ከሆነ፣ የጥንታዊቱን ጽዮን ሥዕል አይቶ የመሰከረልን ቄስ ወይም ንጉሥ ሳይሆን፣ ሁለት ሙስሊም ሴቶች ናቸው። ከክበባችን ሴት ልጆች አንድዋ ይህን ባነበበች ጊዜ መጽሐፉን ዘግታ ብዙ ሳቀች።

ደብረ ዳሞ ላይ ግን አልሳቀችም። ይህ ገዳም አናቱ ጠፍጣፋ በሆነ አምባ ላይ ያለ ሲሆን መውጫው 15 ሜትር ያህል የሚሆን ገደል ነው፤ ወደ ላይ የሚወጣውም በጠፍር ገመድ ተጎትቶ ነው። አቡነ አረጋዊ በ6ኛው መቶ ዓመት መሠረቱት፤ በዘንዶ ጅራት ተይዘው ወጡ የሚለውን ትውፊት የማያውቅ የለም። ሴት አትወጣም፤ ሴት እንስሳም ቢሆን። ቤተ ክርስቲያኑ እንጨትና ድንጋይ እየተፈራረቀ በአክሱም ሥርዓት የተሠራ ነው። በአምባው ላይ ከ100 የሚበልጡ የኩሻን መንግሥት የወርቅ ሳንቲሞች ተገኝተዋል፤ ኩሻን በሕንድ በኩል የነበረ አገር ነው። የሕንድ ወርቅ ወጣ፣ እኛ አልወጣንም፣ አሉ ሴቶቹ። ወንዶቹ የምንመልሰው አላገኘንም፤ ሥርዓቱም የገዳሙ ነው።

ከዚህ በኋላ ክሩ ወደ ደቡብ ረዥም መንገድ ሄዶ ከላሊበላ ይደርሳል። ጥንት ሮሐ ትባል ነበር፤ በዛጕዌው ንጉሥ ስም ላሊበላ ተባለች። ኢየሩሳሌም በ1187 በሳላዲን እጅ ስለ ገባች ንጉሡ በአገሩ ሁለተኛ ኢየሩሳሌም መሥራቱን የሚናገሩ አሉ፤ እውነትም ወንዙ ዮርዳኖስ ይባላል፣ ከአብያተ ክርስቲያናቱ አንዱም ጎልጎታ። የዘመኑ ተመራማሪዎች ግን አሥራ አንዱም በአንድ ንጉሥ ዘመን አልተፈለፈሉም፣ ከእነርሱ የሚቀድሙ አሉ ይላሉ።

አሠራሩን ለመረዳት ሳሙና በቢላዋ ፈልፍለን ሞከርን። ግንበኛ ከታች ወደ ላይ ይሠራል፤ የላሊበላ ጠራቢ ግን ከላይ ወደ ታች ነው የሚወርደው። መጀመሪያ ዙሪያውን ጕድጓድ ቈፍሮ ዐለቱን ለብቻው ያስቀረዋል፣ ቀጥሎ ጣራውን፣ ከዚያ መስኮቱን፣ በመጨረሻ በሩን ያወጣል። ግንበኛ የተበላሸ ድንጋይ ቢያገኝ አውጥቶ ሌላ ያስገባል፤ ጠራቢ ግን አንድ ዓምድ ቢሰብር ምትክ የለውም። ሦስቱ ሳሙናዎቻችን ገና ጣራ ላይ ሳሉ ተሰነጠቁ። ቤተ ጊዮርጊስ በመስቀል ቅርጽ 12 ሜትር ያህል ወደ ታች ወርዶ የተፈለፈለ ነው፤ ቤተ መድኃኔ ዓለም ከሁሉ ይሰፋል። በ1520ዎቹ ያየው ፖርቱጋላዊው ቄስ ፍራንሲስኮ አልቫሬዝ ማንም አያምነኝም ብሎ ስለ ሰጋ፣ የጻፈው ሁሉ እውነት መሆኑን በእግዚአብሔር ስም ምሏል።

ዐለቱ ግን ለስላሳ ስለ ሆነ ዝናብ ይጠጣል። ጥንታውያኑ ውሃውን የሚያስወግድ ቦይ አበጅተው ነበር፤ ይሁን እንጂ በብዙ ዘመን ግድግዳው ተሰነጣጥቋል። በ2008 በአውሮፓ ኅብረት ገንዘብ በአንዳንዶቹ ላይ ታላላቅ የብረት ምሰሶ ያለው መጠለያ ተተከለ። ለጊዜው የታሰበ ነበር፤ በ2018 ግን የከተማው ሰው ክብደቱ ዐለቱን ይጎዳዋል ብሎ ሰልፍ ወጣ። መጠለያው ቢነሣ ዝናቡ፣ ቢቀመጥ ብረቱ! ድምፅ ብንሰጥ እኩል ለእኩል ሆንን። ሰውም ይጎዳል፤ በ1997 አፍሮ አይገባ የሚባለው የወርቅ መስቀል ከቤተ መድኃኔ ዓለም ተሰርቆ ወደ ውጭ ወጥቶ ነበር፤ በ2001 ተመለሰ።

ክራችን ላሊበላ ላይ ስላለቀ ለሐረር አረንጓዴ ክር ቀጠልን። የሐረርን ጀጎል ግንብ በ16ኛው መቶ ዓመት ያሠራው አሚር ኑር ነው፤ ጥንታውያን በሮቹ አምስት ናቸው። በውስጡ 82 መስጊዶች ይቈጠራሉ፤ ከእነዚህም ሦስቱ የ10ኛው መቶ ዓመት ናቸው ይባላል። ብዙ ሙስሊሞች ከመካ፣ ከመዲናና ከኢየሩሳሌም ቀጥላ አራተኛዋ ቅድስት ከተማ ይሏታል። አውሮጳዊው ሪቻርድ በርተን በ1855 ሕይወቱን ለአደጋ ጥሎ ገብቶባታል፤ ዛሬ ማንም ይገባል።

አሁን ያቈየነው ጥያቄ መጣ። ኢማም አሕመድ የተነሣው ከዚህ ምድር ነው። ምኒልክ ደግሞ በ1887 ሐረርን ከያዙ በኋላ፣ ግብፆች በከተማይቱ መካከል ሠርተውት የነበረው መስጊድ ፈርሶ በቦታው የመድኃኔ ዓለም ቤተ ክርስቲያን ተሠርቷል። በአክሱም አንዱ ወገን፣ በሐረር ሌላው አዘነ። የይሐን መቅደስ መወረስ ያለ ጭንቀት ጽፈን ነበር፤ የአልመቃህ ወገን የሆነ አባል ስለሌለን ይሆናል። በመጨረሻ ሁለቱንም ለመጻፍ ተስማማን፤ የጽዮንን መቃጠል የሚናገረውን ሙስሊም አባላችን፣ የሐረሩን መስጊድ የሚናገረውን ክርስቲያን አባላችን ጻፉ። የታሪክ መምህራችን ሁለቱን አንቀጽ አንብበው የፊደል ግድፈት ብቻ አረሙ።

ካርታው ከነክሩ በክፍላችን እንደ ተሰቀለ ነው። በበዓሉ ቀን የምትመጡ ወላጆች ከእነዚህ ቦታዎች ያነሣችሁት አሮጌ ፎቶግራፍ ካለ ይዛችሁልን ብትመጡ በየቦታው እንለጥፈዋለን፤ በደብረ ዳሞ አጠገብ ብዙ ባዶ ቦታ አለ።